ትርንጎ የለቀቀችው አልጋ

የአህያው ጋሪ የተቆለለ ጡብ ላይ ወጥቶ ወደ አንድ ጎኑ ዘመም ሲል፣ ትርንጎ የባሏን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። ዓም ኑርሁሴን ከፊት ዘሎ ወረደና በአንድ እጁ ልጓሙን ይዞ፣ በሌላው ጎማውን እየገፋ፣ «ያላ! ያላ አንተ የማትረባ!» እያለ አህያውን ይወርድበት ጀመር።

«ቀስ አርገው እንጂ ዓም ኑርሁሴን! እግሯን!» አለ በላይነህ።

«መንገዱን እኔ አጠርኩት እንዴ ልጄ? ልጆቹን ጠይቃቸው።»

ልጆቹ የሚጠየቁ አልነበሩም። የእግረኛ መንገዱን ጡብ እየነቀሉ፣ አሮጌ ጎማና የወደቀ የመብራት ምሰሶ እየጎተቱ፣ ከሱቅ ዐረቢ እስከ ሳጃና ያለውን መተላለፊያ ሁሉ ሲዘጉ ነው ያረፈዱት። ቀኑ ግንቦት 26 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ሰኞ ነው። ረመዳን ሊፈታ ደርሷል። በጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ፊት፣ ቂያዳ ብለው በሚጠሩት ቦታ፣ ከመጋቢት ማብቂያ ጀምሮ በተቃውሞ ተቀምጦ የነበረው ሕዝብ ንጋት ላይ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ በጥይት ተበትኗል። አሁን ረፋዱ ላይም ከወንዙ በኩል አልፎ አልፎ ተኩስ ይሰማል። ታክሲ የለም፤ ረክሻ የለም። ያለው የዓም ኑርሁሴን አህያ ብቻ ነው። ሰፈሩ «ዓም»፣ አጎት፣ የሚለው ይህ ሽማግሌ ምጽዋ ተወልዶ ካርቱም ያረጀ፣ በሳጃና ሰፈር በበርሜል ውሃ እያዞረ የሚሸጥ ሰው ሲሆን፣ ያን ዕለት ግን በርሜሉን አውርዶ በቦታው ሰሌን አንጥፎ ነበር የመጣው።

ሰሌኑ ላይ የተጋደመችው ትርንጎ ግራ እግሯ ከጣቷ እስከ ጉልበቷ ሥር በጀሶና በፋሻ ተጠምጥሟል። ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች፤ ሲረጋ ደግሞ ፊቷ ፍታት ይላል። ሥቃይ እንጂ ቁጣ የለበትም። በላይነህን ያንገበገበው ይኸው ነው። ብትሰድበው፣ ብታለቅስበት፣ «አንተ ነህ ጉድ የሠራኸኝ» ብትለው በወደደ። እሷ ግን ነጠላዋን ከፀሐይ ልትከልለው ወደሱ ራስ ትስባለች።

ጉዱን የሠራው እሱ መሆኑን ሦስቱም ያውቃሉ። አህያው ብቻ ነው የማያውቀው።

በላይነህ በለሳ ውስጥ ድቁና ተቀብሎ፣ ዜማ ጀምሮ፣ ቅኔ ቤት ሳይደርስ ያቋረጠ ሰው ነው። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ከተሻገረ ዐሥር ዓመት ቢያልፈውና ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር የአንድ ነጋዴ ቪላ ዘበኛ ሆኖ ቢያድርም፣ የሳጃና ሐበሻ ዛሬም «ዲያቆን» ነው የሚለው። ሕልም ያየ ይጠይቀዋል፤ ጾም የተምታታበት ይጠይቀዋል። እሱም አላውቅም ማለት አይሆንለትም። «የተማረ ይግደለኝ» ያሉ አባቶች ግማሽ የተማረውን ሰው ሳያስቡት ቀርተው መሆን አለበት።

ትርንጎ ሻይ ሻጭ ናት። ሕዝቡ ቂያዳ ፊት ሲቀመጥ እሷም በርጩማዋንና ምድጃዋን ተሸክማ ከባቡሩ ድልድይ ሥር ሰፈረች። ወጣቶቹ «ኻልቶ» ይሏት ነበር፤ አክስቴ እንደማለት። አንድ ቀን ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ የሐዲዱን አፋፍ ስትወርድ ጠጠሩ ከዳትና እግሯ ሁለት ድንጋይ መካከል ተቀርቅሮ ቀረ። ትሪውን ላለመጣል ብላ እግሯን ጣለች። ራጅ ሲነሣ ቁርጭምጭሚቷ ሦስት ቦታ ተሰብሯል።

«ብረትና ብሎን ይገባለታል» አለ የአጥንት ሐኪሙ ዶክተር ኦማር፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «እብጠቱ ይቀንስና በሳምንቱ ዓመሊያውን፣ ኦፕራሲዮኑን፣ እንሠራለን። ከዚያ በላይ ግን መቆየት የለበትም። ካቆየነው አጥንቱ ራሱ እንደፈለገ ይገጥማል።»

«እንደፈለገ ከገጠመስ ዶክተር?» አለች።

«በርጩማ ላይ አትቀመጪም። ቁጢጥ አትዪም።»

ሻይ ሻጭ ከነበርጩማዋ ነው ሻይ ሻጭ የምትባለው። ምድጃው መሬት ላይ ነው፤ ውሃው መሬት ላይ ነው፤ እጇ የሚደርሰው ጎንበስ ብላ ነው። ከዚህም ሌላ ትርንጎ የስቅለት ዕለት ሰግዳ የማትጠግብ ሴት ነበረች። ወንዶቹ ደክሟቸው ግድግዳ ሲደገፉ እሷ ትቀጥላለች።

ቀጠሮው እሑድ ነበር። ትናንት። በላይነህ ንጋት ላይ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ፣ ከቅዳሴ በኋላ ትልቁን የውሃ ጠርሙስ ጸበል አስሞልቶ፣ ካህኑ የባረኩትን እምነትም ወረቀት ላይ ተቀብሎ ሆስፒታል ደረሰ። ትርንጎ ቢላዋውን አልፈራችም፤ የፈራችው ወገቧን የሚወጋትን መርፌ ነው። ሽባ ሆና የምትቀር መስሏት እጇ ይንቀጠቀጣል። በላይነህ ያንን እጅ አየ። ሊሰጣት የሚችለው ሌላ ምን ነበረው? አመዱን ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሮ በጠበጠና ኩባያ ሞላላት።

«ሲስተሯ ውሃ እንኳ እንዳትቀምሺ ብላኛለች» አለች ትርንጎ።

«ይሄ ውሃ ነው እንዴ?» ቅር አለው። «በጾም ቀን ማለዳ ጸበል የጠጣ ሰው ጾሙን ገደፈ ይባላል? ጸበል እኮ ምግብ አይደለም፣ ትርንጎ። መድኃኒት ነው።»

«እንዳልገድፍ አይደለም የከለከለችኝ መሰለኝ…»

«እኔ እያልኩሽ!»

«አንተ ካልክ እሺ» አለችና ጠጣች። እሱ ደግሞ «ጨምሪ፣ በስመ ሥላሴ ይሁን» እያለ ኩባያውን ደጋግሞ ሞላላት። እጇ መንቀጥቀጡን ሲተው በዓይኑ አየ። ደስ አለው። በኋላ ሲያስበው፣ ከሁሉ የሚቆረቁረው ያ ደስታው ነበር።

ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል በሚገፋው አልጋ ላይ ሆና በሩ ጋ ስትደርስ፣ ሲስተር ሱላፋ የማደንዘዣ ሐኪሙን ጥያቄ ይዛ መጣች። ሱላፋ እናቷ የጎንደር ሰው፣ አባቷ ሱዳናዊ፣ ራሷ የካርቱም ልጅ ናት። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«ያ ትርንጎ፣ ከማታ ጀምሮ ምንም በላህ? ጠጣህ?»

በላይነህ ከኋላ ሆኖ ራሱን ቶሎ ቶሎ ነቀነቀ። አይሆንም፣ አትናገሪ። ትርንጎ አየችው። እሱንም አየች፤ የሱላፋንም ፊት አየች። ከዚያ፣ «ጸበል ጠጥቻለሁ። አሁን ነው የጠጣሁት» አለች። ዓይኗን አልሰበረችም።

ሱላፋ ጠርሙሱን ከበላይነህ ብብት ወስዳ ወደ ብርሃን አነሣችው። ታቹ አመዳማ ዝቃጭ ነበረው። «ይሄ ጢን ምንድን ነው? ጭቃ?»

«እምነት ነው። የተባረከ አመድ» አለ በላይነህ፤ ድምፁ ራሱን አላሳመነውም።

ሱላፋ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ያ ኣኺ፣ ወንድሜ፣ ተኝቶ ሲያስታውክ ሳንባ ውስጥ ይገባል እኮ! ይሞታል!» ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ተነጋግራ ወጣች። ቀጥሎ የነበረው በሽተኛ ተጠራ። ዶክተር ኦማር ጓንቱን እያወለቀ ብቅ ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ «ማሌሽ፣ አይዞሽ፣ ኸይር ነው። ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምትገቢው አንቺ ነሽ፣ ኢንሻአላህ። አንድ ቀን ምንም አያመጣም» አላት።

ሱላፋ ጠርሙሱን አልመለሰችም። አንገቱ ላይ ፕላስተር ለጥፋ በዐረብኛ የትርንጎን ስም ጻፈችበት። «እናቴም ይሄን ይጠጣል። ከዓመሊያ በኋላ አንተ ይጠጣል። እኔ ጋ አማና፣ አደራ ነው» አለች።

ነገ ሆነ። ነገ ምን ይዞ እንደመጣ መላው ካርቱም ያውቃል። ገና በማለዳው ቁስለኞቹ በሞተር፣ በሰው ጀርባ፣ ከቤት በተነቀለ በር ላይ ተጋድመው ይደርሱ ጀመር። ኮሪደሩ ሞላ፤ ክፍሉ ሞላ፤ በአልጋና በአልጋ መካከል ያለው ወለል ሞላ። ዶክተር ኦማር ካኪ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ደም ሆኖ ሮጦ ሲያልፍ፣ በላይነህ ሊያስታውሰው ብድግ ብሎ ነበር። ይህንንም በኋላ ሲያስበው ያፍራል።

ከትርንጎ አልጋ ሥር አንድ ወጣት አስተኙ። ሆዱን በገዛ ሸሚዙ ጠፍረው አስረውታል። ጢም ያላበቀለ፣ እግሩ ባዶ የሆነ ልጅ ነው። ትርንጎ አንገቷን አስግጋ ቁልቁል ስታየው ቆየች።

«በላይነህ፣ አውርደኝ።»

«የት ልትሄጂ?»

«እሱ መሬት ላይ ነው፤ እኔ አልጋ ላይ ነኝ። አውርደኝ።»

«ትርንጎ፣ እባክሽ፣ የዛሬ መጀመሪያ አንቺ ነሽ። ከወረድሽ ተራሽ ጠፋ።»

«ተራ?» አለችና ዙሪያውን በአገጯ አሳየችው። «ማንን ልቅደም?»

አቅፎ አወረዳት። ሱላፋና አንድ አስታማሚ ልጁን አንሥተው፣ የትርንጎ ሰውነት ገና ያሞቀው ፍራሽ ላይ አኖሩት። ልጁ ዓይኑን ገልጦ የነጠላዋን ጫፍ ያዘ። «ሹክረን ያ ኻልቶ» ብሎ አመሰገናት። ትርንጎ እጁን አሻሸችለት። ወዲያው፣ መራመድ የምትችሉም ሆነ የሚሸከማችሁ ሰው ያላችሁ ቦታ ልቀቁልን ተባለ። በላይነህ ሚስቱን አዝሎ እስከ አስፋልቱ ወጣ። ዓም ኑርሁሴን ከነጋሪው ያገኛቸው እዚያ ነው።

አሁን ጋሪው የመጨረሻውን የጡብ ክምር አልፎ ወደ ሳጃና ሲታጠፍ፣ በላይነህ ከዚያ በላይ አልቻለም።

«ትናንት ዝም ብል ኖሮ፣ ዛሬ ተሠርተሽ ተኝተሽ ነበር» አለ። «በእጄ ነው ያጠፋሁሽ።»

«ትናንት ተሠርቼ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ከዚያ አልጋ ማን ያወርደኝ ነበር? እግሬ በደሙ፣ ወገቤ በመርፌ ደንዝዞ። ልጁ መሬት ላይ ይቀር ነበር።» እጁን ያዘችው። «ጸበሉ ነው ያወረደኝ። እግዚአብሔር ያን አልጋ ለሱ ነው የፈለገው። ሻዬን የጠጣ ልጅ ይመስለኛል ደግሞ። ስኳር የሚያበዛው።»

እሱን ለማጽናናት ብላ እንዳልተናገረችው በላይነህ ያውቃል። ብላ ቢሆን ኖሮ ይቀለው ነበር። አምናበት ነው የተናገረችው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሳምንታት አይነገሩም። ሕዝቡ በአድማ ቤቱን ዘጋ፤ ሆስፒታሉ ከቁስለኛ ሌላ አልቀበል አለ፤ ኢንተርኔቱም ጠፍቶ ወሬ ሁሉ በእግር የሚሄድ ሆነ። ትርንጎ እግሯን ሁለት ትራስ ላይ ሰቅላ ግድግዳው ላይ ካለችው የእመቤታችን ሥዕል ጋር ትነጋገራለች። «መዝሙረ ዳዊት አንብብልኝ» ስትለው ያነባል፤ ምላሱ ግን ደረቅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይሄድና ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይመለሳል። «ዲያቆን፣ ለሆድ ሕመም ጸበል ብንጠጣ…» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ሲመጣ፣ «ሐኪም ጠይቁ» ይላል፣ ፊቱን አዙሮ።

ጦሩና ሲቪሎቹ ተስማሙ ተብሎ መኪናው ሁሉ ጥሩንባውን በሚያስጮህበት ሰሞን፣ ዶክተር ኦማር ዳግመኛ ጠራቸው። ከስቶ ነበር። አዲሱን ራጅ መስኮቱ ላይ አስደግፎ አሳያቸው።

«አጥንቱ እኛን አልጠበቀም» አለ። «እንደገና ሰብሬ እገጥመዋለሁ። ትሄጃለሽ። ግን እንደ ድሮው አይታጠፍም።»

በላይነህ ከማይጠየቀው ጥያቄ ራሱን መግታት አልቻለም። «ያን ዕለት፣ እሑድ ቢሆን ኖሮስ ዶክተር?»

ዶክተር ኦማር መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ጠረገው። «ያን ዕለት እሑድ» አለ፣ «ብዙ ነገር ነበረን።»

በቀዶ ጥገናው ጠዋት በላይነህ ባዶ እጁን መጣ። ትርንጎ ብብቱን አየች፤ እጁን አየች።

«ጸበሌስ?»

«አላመጣሁም።»

«ከዓመሊያው በኋላ እጠጣው ነበር እኮ!» የዚያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘነችበት። «በአንድ ስሕተትህ የእኔን እምነት ጭምር ነው የምትቀጣው?» የአልጋዋን ብረት ይዞ እስከ በሩ ሸኛት። መርፌውን ስታስብ እጇ መልሶ ይንቀጠቀጥ ነበር። ውዳሴ ማርያም ከንፈሯ ላይ ሆኖ ገባች።

ኮሪደሩ ላይ ሲንቆራጠጥ ሲስተር ሱላፋ መጣች። የትልቅ ጠርሙስ አንገት ይዛለች። ፕላስተሩ ጥጉ ቢላጥም ስሙ ይነበባል። አመዱ ታች ረግቶ፣ ውሃው ከላይ ጠርቶ ነበር።

«አማና ነው» አለች። «ብዙ ነገር ጠፍቷል ያን ቀን። መድኃኒት ጠፍቷል፣ አልጋ ጠፍቷል። ይሄ ግን እኔ ቁምሳጥን ውስጥ አለ።»

በላይነህ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ተቀበለ። የትርንጎ ነገር እውነት ይሆን? ልጁ ድኖ ከሆነ፣ እኔም ከዚህ ጸጸት ልድን ነው ብሎ አሰበ። የሰው ነፍስ በእግር ተለወጠ ማለት ነው፤ ይህንንማ ማን ይጠላል?

«ሲስተር ሱላፋ፣ ያ ልጅ… አልጋዋን የለቀቀችለት፣ ሆዱን የተመታው…»

«አዋድ» አለች ወዲያው። ከዚያ ቀን ስንቱን ስም እንደያዘች እግዚአብሔር ይወቅ። «አላህ የርሐሙ። ዐስር ሰላት አልደረሰም፤ ቀትር ላይ ሞተ። እናቱ ከኦምዱርማን ሲመጣ ኸላስ፣ አልቋል።»

በላይነህ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ከእንግዲህ ትርንጎ እንደዚህ መቀመጥ እንደማትችል ትዝ ሲለው ደግሞ ብድግ አለ።

«ለትርንጎ አትንገሪያት» አላት።

«እሷ ይጠይቃል።»

«እኔ እነግራታለሁ።»

ትርንጎ ስትነቃ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሱላፋ ከፈቀደች በኋላ ከጠርሙሱ ላይ ላዩን በማንኪያ አቀመሳት። ጣዕሙን ስታውቀው ዓይኗ እንባ ሞላ። ባሏ ሮጦ ሄዶ ያመጣላት መስሏት ነበር፤ ሱላፋ ያቆየችላት መሆኑን ሲነግራት ደግሞ የባሰ አለቀሰች።

«ልጁንስ ጠየቅሃት?»

አፉን ከፈተ። እንደተቆረጠ እንጨት የገረጣ ፊቷን፣ ትራስ ላይ የተሰቀለውን እግሯን አየ። «አዋድ ይባላል» አለ። ከዚያ ቃሉ አልቀጥል አለው።

«አዋድ» አለች ትርንጎ፣ ስሙን አፏ ውስጥ እያዞረች። «ጎሽ። ስሙን ካወቅሁት ይበቃኛል።» እንቅልፍ ወሰዳት።

ነሐሴ ላይ ስምምነቱ ተፈረመና ከተማው በባንዲራ ተጥለቀለቀ። ትርንጎ ክራንቿን ጥላ በከዘራ ቆመች። በርጩማው አልሆነላትም፤ በላይነህ ወጣቶቹ ለመንገድ መዝጊያ ነቅለው የተዉትን ጡብ ሰብስቦ ምድጃዋን ወገብ ድረስ ከፍ አደረገላት። የወንበር ሻይ ሻጭ ሆነች። ደንበኞቿ «ኻልቶ፣ ወዚራ ሆንሽ እኮ! ሚኒስትር!» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም ትስቃለች። ከዘራዋን ተደግፋ ስትነሣ ግን የማትታጠፈዋ ቁርጭምጭሚት በእያንዳንዱ እርምጃ ለበላይነህ ትናገረዋለች።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመውጣቷ በፊት ሥዕሏ ፊት ትቆማለች። መስገድ ስለማትችል በግንባሯ ግድግዳውን ትነካለች። የሷን ስግደት በላይነህ ከኋላዋ ሆኖ ይሰግድላታል፤ የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው። መጀመሪያ የሕያዋኑን ስም ትጠራለች፦ እናቷን፣ እሱን፣ ዶክተር ኦማርን፣ ሱላፋን፣ ዓም ኑርሁሴንን፣ አንዳንዴም አህያውን። ከሕያዋኑ መጨረሻ ላይ፣ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣ «አዋድንም ባለበት ጠብቀው» ትላለች። አንድ ቀን በላይነህ፣ «የክርስትና ስም የለውም እኮ» ብሏት ነበር፤ ልቡ ሌላ ነገር ሊል እያለ። «እግዚአብሔር በአዋድነቱ ያውቀዋል» አለችው።

ድቁና የተማረ ሰው ነው። የሕያዋን ስም የሚጠራበት ቦታ የት፣ የሙታን የት እንደሆነ ያውቃል። ስሙ ያለቦታው መቆሙንም ያውቃል። ሊነግራት የወሰነባቸው ጠዋቶች ነበሩ። ግን ያን ስም ከሕያዋን መካከል ቢያነሣባት፣ ያችን ከዘራ ይዛ የምትቆምበት ምን ይቀራታል? በማያውቀው ነገር አውቃለሁ ብሎ እግሯን ወሰደ፤ አሁን በሚያውቀው ነገር የቀራትን ሊወስድ?

ስለዚህ ይጠብቃል። ትርንጎ ያረፉትን መጥራት ስትጀምር፣ አባቷን፣ ሕፃን ሆና የሞተች እኅቷን፣ ቂያዳ ላይ የቀሩትን ሁሉ ስትል፣ በላይነህ ግንባሩን መሬት ላይ እንደደፋ በትንፋሹ፣ «አዋድን ነፍሱን ማርልን» ይላል።

«አሜን» ትላለች ትርንጎ፣ ፊቷን ሳታዞር።

ሰምታው ይሁን ለራሷ ጸሎት፣ አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። ተነሥቶ ከዘራዋን ያቀብላታል።